የስቅለት ዕለት ጄሪካን

ኢንስፔክተር ወለላ ከደብረ ማርቆስ ቁይ ከተማ ስትደርስ በለቅሶው ቤት የኋለኛ ክፍል በር ላይ ሁለት ሰዎች ተፋጠው ቆመው ነበር፤ አንደኛው ሬሳው ይውጣ ሲሉ አንደኛዋ አይወጣም ትላለች።

ይውጣ የሚሉት የሟቹ አጎት አቶ አምደሚካኤል ናቸው። በጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ሲሆኑ ጋቢያቸው እንደ በረዶ የነጣ ነው፤ ሲናገሩም ፊት ለፊታቸው የቆመውን ሰው ትተው ከበስተኋላው ለተሰበሰበ ሕዝብ ይናገሩ ይመስላሉ። አይወጣም የምትለው ደግሞ ደብረ ማርቆስ የምትማረው የሟቹ እኅት ማርያማዊት ናት። ፖሊስ የጠራችውም እሷ ነበረች።

«ልጄ፣» አሉ አቶ አምደሚካኤል ወለላን ከእግር እስከ ራሷ እያዩ፤ «ሴት መኮንን በመላካቸው ደግ አድርገዋል። ለቅሶ ላይ ሴት ሲበዛ ያምራል።»

«ለለቅሶ አልመጣሁም። ፊቱን ይግለጡልኝ።»

ልብስ ሰፊው ደመላሽ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ፊቱ እርድ የተቀባ ይመስላል። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል፤ ሆዱ ተነፍቶ ክንድና እግሩ ከስተዋል። ድዱ ላይ ደም ደርቋል። ወለላ ግን ከሁሉ ይልቅ የግራ እጁን ጣቶች ነበር ስታይ የቆየችው። ጫፋቸው በመርፌ ተወጋግቷል፤ ቁስሉ ሁሉ አዲስ ነው። ለዓመታት መርፌ የያዘ ሰው እንደ ጀማሪ ጣቱን የሚወጋው ለምንድን ነው?

«ሕመሙ ምን ነበር?» አለች ወደ ማርያማዊት ዞራ።

«የዊልሰን በሽታ ይሉታል። እኔም አለብኝ። ከምግብ ጋር የሚገባው መዳብ ከሌላ ሰው ይወጣል፤ ከእኛ አይወጣም። ጉበትና ጭንቅላት ላይ ይከማቻል። መድኃኒቱን ከዋጥን ግን እንደ ማንም ሰው እንኖራለን። እስከ ዘንድሮም ኖረናል።»

«ያንቺስ መድኃኒት?»

«ትናንት የአጎቴ ሚስት እትዬ ሥራነሽ ብልቃጡን ከቦርሳዬ አውጥተው ወሰዱብኝ። ጋሼ አዘው ነው።»

«አዎ፣ አዝዣለሁ፤» አሉ አጎቷ። «አንዱን ቀብሬ ሌላዋን ልቀብር? ያ ሚንሃጅ የተባለው ባለፋርማሲ መርዝ ሲሸጥልን ኖረ። ሳጅን ደምለው አስሮታል። ይህች ልጅ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ፍሬ አትውጥም።»

«ካልዋጠችስ?»

«እኔ አለሁላት።»

ወለላ በሥራ ዘመኗ «እኔ አለሁላት» የሚሉ ብዙ ሰዎች አይታለች። አብዛኞቹን ያገኘቻቸው ሬሳ አጠገብ ነው።

ሐኪም ሳያየው ቀብሩ እንደማይፈጸም ተናግራ የሟቹን መድኃኒት ጠየቀች። አቶ አምደሚካኤል ከማተባቸው ጎን የተንጠለጠለ ቁልፍ አውጥተው የእንጨት ሳጥን ከፈቱ። «አይጥ እንዳይደርስበት ብዬ ነው፤» አሉ። «ጠዋት ጠዋት እኔ አወጣለሁ፣ ባለቤቴ ታቀብለዋለች።» ወለላ የማርያማዊትንም ብልቃጥ ከወይዘሮ ሥራነሽ ተቀብላ ሁለቱንም ይዛ ወጣች።

ፖሊስ ጣቢያው ደጅ ላይ ሰው ተሰብስቧል። የፋርማሲው መስኮት ማለዳ በድንጋይ ረግፏል። ሳጅን ደምለው ደረቱን ነፍቶ ተቀበላት።

«ጉዳዩ አልቋል ማለት ይቻላል፣ ኢንስፔክተር። መድኃኒቱን ይሄ ሸጠ፤ ያ ዋጠና ሞተ።»

«እንግዲያው የጤፍ ነጋዴውንም እሰረው። ቁይ ውስጥ የሞተ ሰው ሁሉ እንጀራ በልቷል።»

ሚንሃጅ ከአግዳሚው ተነሣ። ቀጭን ነው፤ መነጽሩ በአንድ በኩል ተሰንጥቋል።

«ለሁለት ሰው ብቻ ብዬ ነው ከአዲስ አበባ የማስመጣው፤» አላት። «ሌላ የሚፈልገው የለም። መጨረሻ የወሰዱት ከአንድ ካርቶን ነው፤ እኩል እኩል ደረሳቸው።»

«እሽጉ ሳይከፈት?»

«እንደታሸገ። ደግሞ ከከፈቱት ይታወቃል፣ ይሸታል። ባለቤቴ ሳጂዳ ‹ሱቅህ ውስጥ እንቁላል በስብሷል› እያለች ታበሽቀኛለች። ጥሩ መድኃኒት መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው።»

ወለላ ከደመላሽ ብልቃጥ አንድ ካፕሱል አውጥታ ሁለት ቦታ ከፈለችና አሸተተችው። ምንም አይሸትም። ከማርያማዊት ብልቃጥ ሌላ ከፈተች። ሳጅን ደምለው ሳይታዘዝ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ለቁስል የምትጠቀሙበት አዮዲን አለ?»

አመጡላት። በእኅትየዋ ዱቄት ላይ ጠብ ስታደርግ የአዮዲኑ ቀለም ደብዝዞ ጠፋ። በወንድምየው ላይ ጠብ ስታደርግ ዱቄቱ እንደ ቀለም ብልቃጥ ጠቆረ።

«ይሄ የእህል ዱቄት ነው፤» አለ ሚንሃጅ ዝግ ብሎ። «እንዲህ የሚያጠቁረው እህል ነው። አላህ ይፍረድ፣ ልጁ ዱቄት ሲውጥ ነበር የከረመው።»

«ዱቄት ሸጠሃላ!» አለ ሳጅኑ።

«ከአንድ ካርቶን የወጣው የእኅቱ መድኃኒት ሆኖ የእሱ ዱቄት ከሆነ፣» አለች ወለላ፤ «የተለወጠው ከሱቅ ከወጣ በኋላ ነው። ፍታው።»

ሚንሃጅ ግን ተመልሶ ተቀመጠ። «ነገ ብፈታ ይሻለኛል፣ ኢንስፔክተር። ደጅ ያሉት ሰዎች አዮዲን አያውቁም።»

ወለላ ተመልሳ ብልቃጡን ለማርያማዊት ሰጠቻትና ያየችውን ነገረቻት። ልጅቷ ብልቃጡን በእጇ እያገላበጠች ቆየች።

«አንዱን አይተዋል። ሌሎቹስ? ትናንት ብልቃጡ ያደረው እዚሁ ቤት ነው። ደመላሽም መድኃኒት መስሎት ነው የዋጠው። ማን እንደለወጠው ሳላውቅ እዚህ ቤት የገባ ነገር አልውጥም።»

«ካልዋጥሽ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።»

«አዎ። ከውስጥ ተኝቷል።»

ወለላ ክርክሩን ተወችው። ልጅቷ ልክ ነበረች፤ በዛሬ ውሎዋ ስሜት ሳይሆን ምክንያት ያቀረበላት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

የደመላሽ ሱቅ ገበያው ዳር ያለች ጠባብ ክፍል ነች። በር ከፋቹ የአቶ አምደሚካኤል ልጅ ይስማው ነው፤ ሠላሳ ዓመቱ፣ ሥራ የለውም፤ ከአፉ የሚወጣው የአረቄ ሽታ ቀድሞት ይገባል። ወለላ የተሰቀሉትን ልብሶች አንድ በአንድ ገለበጠች። ለጥምቀት ተሰፍቶ ባለቤቱ ያልወሰደው ቀሚስ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። ለፋሲካ የታዘዘው የሕፃን ልብስ ጠርዙ ላይ ይዋልላል። ከፋሲካ ወዲህ የተሰፋው ሱሪ ግን ተተርትሮ እንደገና ተሰፍቶ፣ እንደገና ጠሟል።

«እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው መቼ ነው?»

«በዐቢይ ጾም መሰለኝ። ‹እኔ ጠጣሁ አንተ ተንቀጠቀጥክ› እያልኩ እቀልድበት ነበር።» ይስማው አንገቱን ደፋ። «ቀልድ ነበር።»

«የቤቱ ሰው ሁሉ አይቷል?»

«ማን አላየ? ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው እናቴ ነበረች የምትቆልፍለት። አባቴ ግን ‹በሽታው ሲወጣ ነው› ይል ነበር።»

«ሐኪም ቤት ክትትል ነበረው፤ አይደለም?»

«በየዓመቱ የአንድ ቀን ሽንቱን በቢጫ ጄሪካን ያጠራቅማል፤ እኔ ማርቆስ አደርሳለሁ። መዳቡን ይለኩታል። ሽንት አመላላሽ እኔ ነኝ፤ ከአባቴ ያገኘሁት ሹመት እሱ ብቻ ነው።»

«ዘንድሮስ?»

«አባቴ ስቅለት ዕለት ይሁን አለ፤ ሱቅ ዝግ ስለሆነ ደመላሽ ቤት ይውላል ብሎ። ቅዳሜ ጠዋት ጓዳው በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁትና ይዤ ሄድኩ። አምና ክንዴን ገንጥሎት ነበር፤ ዘንድሮ ከመቅለሉ የተነሣ ባዶ ነው ወይ ብዬ ነቀነቅሁት።»

«አንተ ስቅለት ዕለት የት ዋልክ?»

ይስማው በሩን ዞር ብሎ አየ። «ለአባቴ ከሚነግሩብኝ ለዳኛ ቢነግሩብኝ ይሻለኛል። አረቄ ቤቱ በጓሮ በኩል ይከፍታል። ሌላው ሰው ሲሰግድ እኔ ስጠጣ ዋልኩ።»

ወለላ ለሰካራም የተለየ አክብሮት የላትም። ሆኖም ይህ ሰው በዚያ ቤት ኃጢአቱን በስሙ የጠራ የመጀመሪያው ነበር።

ወደ ቤቱ ስትመለስ ከአጥሩ ውጭ ሕሙማን ተቀምጠው አየች። ሁለቱ ከደብረ ኤልያስ የመጡ ናቸው። አቶ አምደሚካኤል ያዩዋቸዋል ብለው ይጠብቃሉ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑም አላባረራቸውም።

«ምን ይሰጧቸዋል?» አለቻቸው አቶ አምደሚካኤልን።

«ሥር ነው፣ በማር የሚለወስ። በልጅነቴ ዲማ ገዳም ከደብተሮች ተምሬያለሁ።»

«ሁለት ክረምት፤» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ ከጓዳ በር ላይ ሆነው። አጠር ያሉ ጸጥተኛ ሴት ናቸው። ባላቸው ሲዞሩ ቀና ያለው ፊታቸው ተመልሶ ተደፋ።

«ለደመላሽም ከጥምቀት ጀምሮ ሰጥቼዋለሁ፤» አሉ አቶ አምደሚካኤል። «አድኜውም ነበር። ማስረጃ ከፈለግሽ ዶክተሩን ጠይቂ፤ ደውሎ ‹መዳቡ ወርዷል› ያለኝ እሱ ራሱ ነው። ሰው የሚመጣው ይህን ሰምቶ ነው። መጨረሻ ላይ መድኃኒታቸው ገደለብኝ እንጂ።»

«ሽንቱ የተጠራቀመ ዕለት ደመላሽ ምን በላ፣ ምን ጠጣ?»

የመለሱት ወይዘሮ ሥራነሽ ናቸው። «እሱ መች ከውሃ ይለያል? ሐኪሙ ብዙ ጠጣ ብሎታል። ሃይላንዱን ታቅፎ ነው የሚውል፤ ንስሐ አባቱም ፈቅደውለታል። እኔም ጨጓራዬ ስለማያስችለኝ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮ ቀምሼ፣ ውሃዬን ጠጥቼ ሰገድኩ።»

«በዚህ ቤት የጾመ አንድ ሰው ነው፤» አሉ አቶ አምደሚካኤል። ድምፃቸው እንደ ሰንበቴ ንግግር ከፍ አለ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ አክፍያለሁ። ሐሙስ ማታ ከቀመስኩ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ጠብታ ውሃ በዚህ ጉሮሮ አልፎ አያውቅም። ዘንድሮም አላለፈም። አገር ይመስክር።»

«አምናለሁ፤» አለች ወለላ። እውነቷን ነበር።

ከአጥሩ ውጭ ቆማ ለሐኪሙ ለዶክተር የሺዋስ ደወለች።

«ያ ውጤት ግራ አጋብቶኛል፤» አላት። «መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ሽንቱ ውስጥ መዳብ ይበዛል፤ መድኃኒቱ ከሰውነቱ እየሳበ ስለሚያወጣው። ካቋረጠም ሕመሙ ራሱ ያፈሰዋል፤ ከጤነኛ ሰው በላይ ነው የሚሆነው። ይሄ ግን የጤነኛ ሰው ያህል ነበር። ወርዷል፣ ይዛችሁት ኑ አልኩ። አጎቱ ‹ድኗል› ብለው ዘጉብኝ።»

«አንድ ጊዜ ደወሉ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ሦስተኛው ከሬሳ ምርመራ ይቀል ነበር።» አለችው። «ሽንቱ ተደፍቶ ጎድሎ እንደሆነስ?»

«መጠኑ ትንሽ ነበር፤ ግማሽ ሊትር አይሞላም። ግን ሰውነት በአንድ ቀን የሚጥለው ቆሻሻ ሙሉውን አለበት። የተደፋ የለም። ውሃ ያልጠጣ ሰው ሽንት ነው።»

«ነገ ጠዋት ይምጡ፤ እዚህ ሰው ፊት ይደግሙልኛል።»

በማግስቱ የሌሊቱ ዝናብ አባርቶ ሁሉም በአቶ አምደሚካኤል ግቢ፣ ከለቅሶው ድንኳን ሥር ተቀመጡ። ዶክተር የሺዋስ ሬሳውን አይቶ ልጁ በጉበቱ መክሸፍ መሞቱን ተናግሯል። ሳጅን ደምለው ሚንሃጅን አጅቦ አምጥቷል። ጎረቤቶች ከአጥሩ ላይ ያንጋጥጣሉ። ወለላ አላባረረቻቸውም፤ የፋርማሲውን መስኮት የሰበሩት እነሱ ናቸውና መስማት ይገባቸዋል።

«ደመላሽን መድኃኒት አልገደለውም፤» ብላ ጀመረች። «የገደለው መድኃኒት ማጣት ነው። ካፕሱሎቹ ተከፍተው ዱቄት ተሞልተዋል። ሳጅን ደምለው በዓይኑ አይቷል።»

«ጠቁሯል፤» አለ ሳጅኑ እንደ አዋቂ።

«መቼ ተለወጡ? ስፌቱ ይናገራል። በጥምቀት ቀጥ ያለ እጅ በፋሲካ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ከጥምቀት ወዲህ ነው። ማን ሊለውጠው ይችላል? ብልቃጡ ያለው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ አንድ ሰው አንገት ላይ።»

«ስተኛ ማን ይጠብቀኛል?» አሉ አቶ አምደሚካኤል ፈገግ ብለው። «ሚስቴም ልጄም አጠገቤ ያድራሉ። ፖሊስነት ይሄ ከሆነ ድሮ ተማሪ ሲሰርቅ እኔም ፖሊስ ነበርኩ።»

«ልክ ነዎት፤ ቁልፍ አይበቃም። ወደ ጄሪካኑ እንምጣ። ዶክተር?»

ዶክተር የሺዋስ ትናንት ያለውን ደገመ።

«ሰምታችኋል፤» አለች ወለላ። «ከታከመ መዳቡ መብዛት አለበት። ካልታከመም መብዛት አለበት። የመጣው ሽንት ግን ያለው መዳብ ትንሽ ነው። እንግዲህ የደመላሽ አይደለም፤ የጤነኛ ሰው ነው። ይህን ያደረገው ሰው ‹መዳብ ሲያንስ ዳነ ይባላል› ብሎ አስቧል። ለመጠየቅ የሚንቅ ሰው እንዲህ ነው፤ የገመተውን እንደ ዕውቀት ይቆጥረዋል።»

ከአጥሩ ላይ ማጉረምረም ተሰማ።

«የማን ነው? ሽንቱ ወፍራምና ጥቂት ነበር፤ ይስማው ከመቅለሉ የተነሣ ባዶ መስሎት ነቅንቆታል። ያን ዕለት ውሃ ያልቀመሰ ሰው ነው የሞላው። ደመላሽ ሲጠጣ ውሏል። ወይዘሮ ሥራነሽ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠጥተዋል። ይስማውም…» ወደ ይስማው አየች።

«ጠጥቻለሁ፤» አለ ይስማው ቆሞ፤ አባቱን ሳያይ። «ውሃ አይደለም እንጂ ጠጥቻለሁ። አረቄ ቤት ነበርኩ።»

ከአጥሩ ላይ አንዱ ሳቀ። አቶ አምደሚካኤል አልሳቁም።

«በዚህ ቤት ከሐሙስ ማታ እስከ ትንሣኤ ውሃ ያልቀመሰው አንድ ሰው ነው። እኔ አላልኩም፤ ትናንት ራሳቸው ነግረውኛል። አገር ይመስክር ብለዋል።»

አቶ አምደሚካኤል ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ጾሜን ወንጀል አደረግሽው?»

«ጾሙን አላልኩም። ሌላው ቤት ያከፈለ ሰው እኮ በንጹሕ ልብ ነው ያከፈለው። እርስዎ ግን የሙት ወንድምዎን ልጅ በዱቄት እያታለሉ ያለ መድኃኒቱ በራስዎ ሥር እንዳዳኑት ለማስወራት ፈለጉ። ይህ መጀመሪያ ላይ ድንቁርና ነበር እንበል። ከስቅለት ወዲህ ግን ድንቁርና አይደለም። ሥርዎ እንደሠራ ቢያምኑ ኖሮ የራሱን ሽንት ይልኩ ነበር። የለወጡት ስላላመኑ ነው። እጁ ሲንቀጠቀጥ አይተዋል፤ እየሞተ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ሳጥኑን ከፍተው መድኃኒቱን መመለስ ይችሉ ነበር። የመረጡት ጄሪካን መሙላት ነው።»

«ሽንት ስም የለውም፤» አሉ አቶ አምደሚካኤል። ድምፃቸው ግን ለሕዝብ የሚናገር አልነበረም።

«ቢጫ ጄሪካን ሁለት ነበር፤» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ወይዘሮ ሥራነሽ ናቸው። እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው መሬት መሬት እያዩ ይናገራሉ። «አንዱ ደመላሽ የሚጠቀምበት ነው፤ ሌላው ከመኝታ ቤታችን አልጋ ሥር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ፣ ደመላሽ የሞላውን ከጓሮ ደፍቶ ‹እጠቢው› አለኝ። ከባድ ነበር የሚደፋው፤ ሲደፋ ሰምቻለሁ። ሠላሳ ዓመት ስታዘዝ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አጠብኩት።»

«ዝም በይ፣ ሥራነሽ!»

«ዝም ብዬ ነው ልጁ የሞተው።»

ወለላ አቶ አምደሚካኤል ፊት ሄዳ ቆመች። «አንድ ነገር ልንገርዎት። ማንም በማያይዎት ጓዳ ጥቂት ብርጭቆ ውሃ ጠጥተው ቢሆን ኖሮ ጄሪካኑ ይሞላ ነበር፤ እኔም ዛሬ የምለው አይኖረኝም ነበር። አልጠጡም። ውሃውን ፈሩ። ልጁን መግደል ግን አልፈሩም።»

ሳጅን ደምለው ያለማንም ትእዛዝ ካቴናውን አወጣ። ከአጥሩ ውጭ ከደብረ ኤልያስ የመጡት ሕሙማን ዕቃቸውን እያነሡ ነበር። መስኮት ከሰበሩት አንዱ ሚንሃጅን ሊያናግር ጉሮሮውን ጠረገ።

«መስታወቱ ይቆይ፤» አለው ሚንሃጅ ሳያየው። ከኪሱ እሽጉ ያልተነካ ብልቃጥ አውጥቶ ለማርያማዊት ዘረጋላት። «ይሄ የሚቀጥለው ወር ድርሻሽ ነው። ዛሬ ጠዋት ከሳጅኑ ጋር ስንመጣ ከሱቄ ያነሣሁት ነው። ራስሽ ክፈቺው።»

ማርያማዊት ወለላን አየቻት፤ ቀጥሎ አጎቷን። ከዚያ እሽጉን በጥርሷ ቀደደችው። ሽታው ድንኳኑን ሞላው፤ ይስማው አፍንጫውን ያዘ። ልጅቷ አንድ ካፕሱል መዳፏ ላይ አድርጋ ውሃ ፍለጋ ዙሪያዋን ቃኘች።

አቶ አምደሚካኤልም በካቴናው መሃል ከንፈራቸውን ላሱ። «ሥራነሽ፣» አሉ፤ «ጉሮሮዬ ደረቀ። ውሃ።»

ወይዘሮ ሥራነሽ ተነሥተው ጓዳ ገቡ። ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞልተው፣ እንዳይፈስ በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። ባላቸው የታሰሩ እጆቻቸውን ዘረጉ።

አልፈዋቸው ሄዱና ለልጅቷ ሰጧት።